ለምርመራ ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረው ማህደር፦ የኤንሮን ኢሜይሎች ጉዳይ

ኤንሮን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኪሳራውን ነው። ሂውስተን፣ ቴክሳስ የከተመ ግዙፍ የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመታዊ ገቢዬ ከ100 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል ይል ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ከ90 ዶላር አለፈ። ዲሴምበር 2 ቀን 2001 ኩባንያው መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሂሳብ ማጭበርበሩ የሚባለው ሁሉ ተብሏል። እኔ የማነሳው ከዚያ ጎን ያለውን፣ ብዙም ያልተወራለትን ነው። ኩባንያው ከወደቀ በኋላ የሰራተኞቹ የኢሜይል ሳጥን ተጠራርጎ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከነአድራሻው፣ ከነግል ጨዋታው፣ ከነገመናው። የወጣው በሰርጎ ገቦች እጅ አይደለም። ያወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ያወጣውም በሕግ፣ በቀን ብርሃን፣ ለበጎ ዓላማ ነው። ጉዳዩን ማጥናት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በስርቆት የወጣ መረጃ ላይ ሁላችንም አንድ ቋንቋ እንናገራለን። በሕጋዊ መንገድ የተከፈተ ማህደር ላይ ግን ገና አልተግባባንም።

እኔ ነገሩን ካየሁት ወዲህ አንድ አቋም ይዣለሁ። የሰው ግላዊነት የሚጠበቀው ማህደሩ ከመከፈቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ከተከፈተ በኋላ የሚደረገው ጽዳት ሁሉ፣ ምንም ያህል በቅን ልብ ቢሆን፣ ከቅጂዎቹ ጋር የሚደረግ ሩጫ ነው። ሩጫውም አይደረስበትም።

እንዴት እዚህ ተደረሰ

በ2000 እና በ2001 ካሊፎርኒያ መብራት በፈረቃ እስከሚጠፋባት ድረስ የኤሌክትሪክ ቀውስ ገጠማት። የጅምላ ዋጋው ሰማይ ነካ። ጃንዋሪ 2001 ላይ የግዛቲቱ ገዢ ግሬይ ዴቪስ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ኤፕሪል ላይ ከግዛቲቱ ትልልቅ የመብራት አቅራቢዎች አንዱ የሆነው ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሕዝቡ ዋጋውን ማን እንዳናረው ማወቅ ፈለገ። ተገቢ ጥያቄ ነበር።

የፌዴራል ኢነርጂ ቁጥጥር ኮሚሽን፣ ባጭሩ ፌርክ፣ በ2002 መጀመሪያ ምርመራ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የኤንሮን ነጋዴዎች ገበያውን እንዴት እንደሚያጫውቱት የሚገልጹ ማስታወሻዎች ለሕዝብ ወጡ። ዘዴዎቹ የቁልምጫ ስም ሁሉ ነበራቸው፤ አንዱ ፋት ቦይ ይባላል። ማስታወሻዎቹን ያነበበ ሰው የቀረውንም ሁሉ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም።

መርማሪዎቹ በሂደቱ ብዙ ሰበሰቡ። ኢሜይል፣ የተቃኘ ወረቀት፣ የነጋዴዎች የስልክ ንግግር ቅጂ። ማርች 2003 ላይ ፌርክ ምርመራውን ሲያጠቃልል ይህንን ክምር ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ኢሜይሉና ሌላው ሰነድ አንድ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር። የኮሚሽኑ ክርክር ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው፤ ይህ መብት ደግሞ ከግለሰቦቹ ግላዊነት ይመዝናል።

እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ። ሚሊዮኖች በጨለማ ያመሹበት፣ የቤተሰብ ኪስ የተራቆተበት ጉዳይ ተደብቆ መቅረት አልነበረበትም። ችግሩ ሚዛኑ ላይ የወጣው ነገር ነው። ኮሚሽኑ የመዘነው ሕዝብን ከኤንሮን ጋር ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ግን ከኤንሮን ሌላ ብዙ ሰው ነበረ።

አንዱን ፋይል ከፍተን እንየው

የተከፈተው ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ መልዕክት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ቅጂ በጣም ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰራተኛ አንድ ፎልደር አለ። የፎልደሩ ስም የሰውየው የቤተሰብ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የመጠሪያ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነው። በውስጡ ሌሎች ፎልደሮች አሉ፤ ሰውየው ራሱ በቢሮ ኮምፒውተሩ እንዳደራጃቸው። ገቢ። የተላከ። አንዳንዱ ዘንድ ደግሞ "የግል" የሚል። እና ደግሞ "የተሰረዙ" የሚል።

ይህ የመጨረሻው ቆም ያሰኘኛል። ሰው አንድን መልዕክት ሲሰርዝ አልፈልገውም፣ ይብቃኝ ማለቱ ነው። ይብቃኝ ያለው ነገር ራሱን በቻለ ፎልደር፣ "የተሰረዙ" ተብሎ፣ ለዓለም ቀረበ።

እያንዳንዱ መልዕክት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከላይ መለያ ቁጥር አለው። ቀጥሎ ቀኑና ሰዓቱ፣ እስከ ሰከንዱ። ከዚያ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዮቹ አድራሻ፣ በግልባጭ የደረሳቸው ሰዎች አድራሻ። ከዚያ ርዕሱ። ዝቅ ሲል የላኪውና የተቀባዩ ሙሉ ስም አንድ ጊዜ እንደገና ይመጣል፤ መልዕክቱ በየትኛው ፎልደር ተቀምጦ እንደነበርም ተጽፏል። ልብ በሉ፣ እስካሁን የመልዕክቱን አንድ ቃል አላነበብንም። ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ጉዳይ እንደተጻጻፈ፣ ላኪውም ነገሩን የሥራ ወይስ የግል ብሎ እንዳስቀመጠው ግን አውቀናል።

አብዛኛው የኤንሮን አድራሻ ራሱ ስም ነው። ስም፣ ነጥብ፣ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ የኩባንያው ስም። እንዲህ ዓይነት አድራሻ ለቢሮ ሥራ ይመቻል። ማህደር ሲሆን ግን ሰውየውን ከነስሙ ይዞ ይወጣል። ስሙን ቀብቶ አድራሻውን መተው ትርጉም የለውም፤ አድራሻውን ቀብቶ መልዕክቱ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊርማ መተውም እንዲሁ። ፊርማው ላይ ደግሞ ስልክ አለ። አንዳንዴ የቤት አድራሻ አለ። ሰው መልዕክት ሲመልስ የቀደመው ምልልስ ከስር ተከትሎ ስለሚሄድ፣ አንድ ፋይል ውስጥ የአምስትና የስድስት ሰው ፊርማ ሊደረደር ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በዚህ ቅጂ ሳጥናቸው የተከፈተው ሰራተኞች ወደ 150 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ኃላፊዎች ናቸው። መልዕክቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። ሰው ይህንን ሲሰማ "150 ሰው፣ ለዚያውም አለቆች" ብሎ ቀለል ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን ኢሜይል ሁለት ጫፍ አለው። ከዚሁ ክምችት ማን ከማን ጋር እንደተጻጻፈ የሚያሳይ የግንኙነት መረብ ተሠርቶ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመረብ ዳታ ስብስብ ውስጥ ተቀምጧል። በመረቡ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የኢሜይል አድራሻ ነው። ነጥቦቹ 36,692 ናቸው።

ከ150 ሳጥን 36,692 አድራሻ። ጸሐፊዎች፣ የሌሎች ኩባንያዎች ሰራተኞች፣ ጠበቆች፣ ሥራ ፈላጊዎች፣ የትዳር ጓደኞች፣ እህትና ወንድሞች፣ የኮሌጅ ጓደኞች። ከነዚህ ብዙዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ኪሎዋት አልሸጡም። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይገባል።

"የቢሮ ኢሜይል እኮ የቢሮው ነው"

ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል፤ ስለዚህ ሳላየው ማለፍ አልችልም። በአሜሪካ ሰራተኛ በአሠሪው ሰርቨር ላይ የሚጽፈው ኢሜይል ላይ ያለው የግላዊነት መብት ደካማ ነው። አሠሪው ሊያነበው ይችላል። ምርመራ ሲመጣ ለመርማሪ ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ግን አሠሪዬ ሊያነበው ይችላል ማለት ዓለም ሁሉ ሊያነበው ይችላል ማለት አይደለም። መርማሪ አየው ማለትም ለዘላለም በመፈለጊያ ሳጥን ይፈተሽ ማለት አይደለም። በሦስቱ መካከል ሰፊ ርቀት አለ። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድ እንኳ ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ተመርጦ ነው። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። የተመረጠ ሰነድ ሳይሆን ሙሉ ሳጥን ወጣ።

ደግሞም ክርክሩ ለሰራተኛው ቢሠራ እንኳ ለሌላኛው ጫፍ አይሠራም። ከቤቷ ሆና፣ በራሷ የሆትሜይል ወይም የኤኦኤል አድራሻ ለወንድሟ የጻፈች ሴት የኤንሮንን ደንብ አልፈረመችም። "ይህ ኮምፒውተር የኩባንያው ንብረት ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ አላየችም። ያደረገችው ለሥጋ ዘመዷ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው።

ጽዳቱ

ማህደሩ እንደተከፈተ ቅሬታ መጣ። ኤንሮን ራሱ፣ በክምሩ ውስጥ የሰራተኞች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት ለሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) እና የመሳሰለው አለ ብሎ አቤት አለ። የተወሰኑ ሰነዶች ተነሱ። በኋላ ደግሞ ከፌርክ የተገኘው የኢሜይል ክምችት በአንድ ተመራማሪ ተገዝቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። ኤስአርአይ የተባለው የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተበላሸውን አስተካከሉ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ኮኸን ለተመራማሪዎች በነጻ እንዲወርድ ገጽ አዘጋጀለት። አባሪ ፋይሎቹ እንዲቀሩ ተደረገ። ገጹ ላይም የተጠቃሚውን ሕሊና የሚነካ ማሳሰቢያ አለ፤ እዚህ ውስጥ ያሉት ብዙ ሰዎች ለምርመራው ምክንያት በሆነው ድርጊት እጃቸው የለበትም፣ ግላዊነታቸውን አስቡ የሚል ነው። አውጡን ብለው የጠየቁ ሰዎች መልዕክት እየተነሳ አዳዲስ እትሞች ወጥተዋል፤ የ2009፣ የ2011፣ የ2015።

ይህንን ሥራ አከብራለሁ። ማንም ሳያስገድዳቸው ያደረጉት ነው። ግን አካሄዱን ተመልከቱ። አንድ ሰው እንዲወጣ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ መኖሩን ማወቅ አለበት። ከዚያ ማንን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ከዚያ መጠየቅ አለበት። በ2000 ለወንድሟ የጻፈችው ሴት ይህንን ሁሉ በምን ታውቃለች? ሸክሙ ያረፈው ምንም ባላደረገው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሌላ ቅጂም ነበር። በአሜሪካ ጠበቆች ለክርክር የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ሰነድ የሚያፈላልጉባቸውን ሶፍትዌሮች ለመሞከር የሚረዳ፣ አባሪዎቹን ጭምር የያዘ ትልቅ ክምችት ነው። ኢዲአርኤም የተባለው የዘርፉ ማኅበር ያሰራጨው ነበር። በ2013 ኑዊክስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ይህንን ቅጂ ፈተሸው። ከ10,000 በላይ የግል መረጃ የያዙ ሰነዶች አገኙ። 60ዎቹ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ነበረባቸው፤ ከነዚህም ውስጥ የአንድን ክፍል ሰራተኞች በመቶ የሚቆጠር ካርድ በዝርዝር የያዙ አሉ። 572ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም ሌላ የመታወቂያ ቁጥር ይዘዋል። 292ቱ የልደት ቀን። 532ቱ ደግሞ እንደ ሕክምናና የፍርድ ቤት ጉዳይ ያሉ በጣም የግል ነገሮች።

ማህደሩ የተከፈተው በ2003 ነው። ይህ የተገኘው በ2013። በመካከሉ አሥር ዓመት አለ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አጻጻፉ ይታወቃል፤ ሦስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ሁለት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ አራት አሃዝ። ይህንን ቅርጽ የሚፈልግ አጭር ትዕዛዝ መጻፍ በ2003ም ለማንም ፕሮግራመር የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ሁሉንም አያገኝም፤ ሰረዝ ሳይገባበት የተጻፈው ያመልጠዋል። ግን ብዙውን ያገኛል። ማህደሩ ከመከፈቱ በፊት ቢደረግ ኖሮ የተገኘው ሁሉ በእርግጥ ከሰው እይታ ይወጣ ነበር። በ2013 የተገኘው ግን የወጣው ከአዲሱ ቅጂ ብቻ ነው። በአሥር ዓመቱ ውስጥ ያወረደ ሁሉ አሮጌውን ይዞ ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አድራሻ ብቻውን ምን ያደርጋል

አንዳንድ ሰው የካርድ ቁጥሩና የሕክምናው ነገር ይገባኛል፣ የኢሜይል አድራሻ ግን ምን አለበት ይላል። ማንም ሰው ለማንም ይሰጠው የለ እንዴ?

ማህደሩ በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ማርች 2003፣ ዋሽንግተን ያለው የዴሞክራሲና ቴክኖሎጂ ማዕከል አንድ ጥናት አወጣ። አጥኚዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ አድራሻዎችን ፈጥረው በየቦታው በተኑ። አንዳንዱን ኩባንያዎች ዘንድ ሲመዘገቡ ሰጡት፤ አንዳንዱን ለማንም ክፍት በሆነ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፉት። ከዚያ ስድስት ወር ጠበቁ። ከመጣው ስፓም፣ ማለትም ካልተጠየቀ የማስታወቂያ መልዕክት፣ ከ97 በመቶ በላይ የሄደው በክፍት ገጽ ወደተጻፉት አድራሻዎች ነበር። አድራሻ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ገጽ እያገላበጡ የ"ኤት" ምልክቷን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኟት በግራና በቀኝ ያለውን ይወስዳሉ። በዚያው ጥናት አድራሻው በምልክት ሳይሆን በቃላት ተዘርዝሮ የተጻፈባቸው ስፓም አልደረሳቸውም። አንዲት ምልክት በቃል መተካት ያን ያህል ለውጥ አመጣ። (ዛሬ ለቃሚዎቹም ነቅተዋል፤ በዚያች ዘዴ ብቻ መተማመን አይቻልም።)

በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ ካን-ስፓም የሚባለውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ አድራሻ መልቀምን ጥፋትን የሚያከብድ ድርጊት አድርጎ አስቀመጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ የመንግሥት ክንፍ አድራሻ ለቃሚዎችን ሲከለክል፣ ሌላው ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አድራሻ በአንድ ቦታ ከምሮ አቀረበ። ሁለቱም በቅንነት የሠሩት ይመስለኛል። አልተነጋገሩም እንጂ።

የስፓሙ ነገር ግን ትንሹ ነው። የኤንሮን አድራሻዎች ከኩባንያው ጋር ሞተዋል፤ ዛሬ ማንም መልዕክት አይቀበልባቸውም። የያሁው፣ የሆትሜይሉ አድራሻ ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ከተማ ይቀይራል፣ ስልክ ይቀይራል። የግል ኢሜይሉን ግን አይቀይርም፤ ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም የሚያውቁት በሱ ነው። ስለዚህ አድራሻ እንደ ቁልፍ ነው። አንድ ቦታ ያለውን ሰውዬ ሌላ ቦታ ካለው ጋር ያገናኛል። በ2001 ስለ ፍቺው ለጓደኛው የጻፈ ሰው ዛሬም በዚያው አድራሻ የሥራ ማመልከቻ ይልካል። ሁለቱን ማገናኘት ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው አንድ ፍለጋ ነው።

ጥቅሙንም እንናገር

ፍትሐዊ ለመሆን ማህደሩ የሰጠውን መካድ አልችልም። እውነተኛ የኢሜይል ክምችት ለተመራማሪ እጅግ ብርቅ ነው፤ ማንም ሰው ሳጥኑን አይሰጥም። በዚህ ክምችት ሰዎች በድርጅት ውስጥ እንዴት እንደሚጻጻፉ ተጠንቷል። የቋንቋ ምርምር ተሠርቶበታል። በ2006 የወጣና ብዙ የተሠራበት የስፓም ማጣሪያ መፈተኛ የተዘጋጀው የ6 የኤንሮን ሰራተኞችን መልዕክት ጤናማ ኢሜይል አድርጎ በመውሰድ ነው። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለብዙ ሰው ተርፏል።

ግን ይህ ጥቅም አድራሻዎቹን አይፈልግም ነበር። የስፓም ማጣሪያ ላኪው ማን መሆኑን ከነስሙ ማወቅ የለበትም። የመረብ ጥናትም ነጥቦቹ ቁጥር ቢሆኑ ይበቃዋል፤ ስታንፎርድ ያለው መረብ በትክክል እንደዚያ ነው፤ አድራሻዎቹ በተራ ቁጥር ተተክተዋል፣ ጥናቱ ግን አልተጎዳም። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሰውን ሸሽጎ ጥናቱን ማቆየት ይቻል ነበር ማለት ነው።

በ2003 ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ተጠቃሚ

ማህደሩን የከፈቱት ሰዎች ያሰቡት ሁለት አንባቢ ነበር፦ ዜጋና ጋዜጠኛ። ተመራማሪው በኋላ መጣ። ከተመራማሪው በኋላ ደግሞ ማሽን መጣ።

በ2020 መጨረሻ ኢሉተር ኤአይ የተባለ የተመራማሪዎች ስብስብ ዘ ፓይል የሚል ስም የሰጠውን ትልቅ የጽሑፍ ክምችት አወጣ። የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ራሱ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ለማሰልጠን የተዘጋጀ ሲሆን ከ800 ጊጋባይት በላይ ነው። ከ22 ክፍሎቹ አንዱ የኤንሮን ኢሜይሎች ነበሩ። ጂፒቲ-ኒዮ የሚባለው ሞዴል በዚህ ክምችት ሰለጠነ። በ2022 ተመራማሪዎች ሞዴሉን ፈተሹት። ከአንድ አድራሻ በፊት ያለውን የመልዕክት ጽሑፍ ሲሰጡት የተወሰኑትን አድራሻዎች በትክክል ጨረሰላቸው፤ ሸምድዷቸዋል ማለት ነው። የሰውየውን ስም ብቻ ሰጥተው አድራሻውን ሲጠይቁት ግን እምብዛም አላገኘም። ስለዚህ አደጋው አለ፤ ግን ሰው እንደሚፈራው ያን ያህል የሰፋ አይደለም። ውጤቱ መጋነን የለበትም።

በ2023 የወጣው ሥራ ይበልጥ ያሳስበኛል። ተመራማሪዎች ጂፒቲ-3.5 የተባለውን የኦፕንኤአይ ኩባንያ ሞዴል በጥቂት የኤንሮን ስሞችና አድራሻዎች ጥንድ በጥንድ ተጨማሪ ስልጠና ሰጡት። ከዚያ በፊት አድራሻ አልሰጥም ይል የነበረው ሞዴል፣ እነሱ ያልሰጡትን የሌሎች ሰዎችን አድራሻ ማውጣት ጀመረ። የተሰጠው ጥቂት ምሳሌ ውስጡ ተቀብሮ የቆየውን ቀሰቀሰው። የኤንሮን ማህደር እዚህ ጋ ሁለት ሚና አለው፤ የተጎጂዎች ዝርዝር ነው፤ የመክፈቻ መሣሪያም ነው።

ኮሚሽኑ ይህንን በ2003 ሊያውቅ ይችል ነበር ብዬ አልከራከርም። ማንም አያውቅም ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ አንድ ማህደር ሲከፈት ወደፊት ማን እንደሚያነበው ሊታወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ውሳኔው ዛሬ ባለው አንባቢ ብቻ ሊመዘን አይገባም።

የተቀጣና ያልተቀጣ

የሚቆረቁረኝን አንድ ነገር ልናገር። የኤንሮን የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ጄፍሪ ስኪሊንግ በ2006 24 ዓመት ተፈረደበት። በ2013 ቅጣቱ ወደ 14 ዓመት ዝቅ አለለት። በ2019 ወጣ። ሕግ ለጥፋተኛውም ማብቂያ ያበጅለታል። ቅጣት ቀን አለው፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል።

ያልተከሰሱት ግን ማብቂያ የላቸውም። ለጸሐፊዋ፣ ለጀማሪው ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከቤቷ ለጻፈችው እህት ማንም ቀን አልቆረጠላቸውም። ፍርድ ቤትም አልቀረቡም፤ ስለዚህ ይግባኝ የሚሉበት ቦታም የለም። ይህ ነገር ሚዛኑን የሳተ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ምን ሊደረግ ይችል ነበር

ኮሚሽኑ ለገበያው ምርመራ የሚያስፈልጉትን መልዕክቶች ለይቶ ማውጣት ይችል ነበር፤ መርማሪዎቹ ራሳቸው በሪፖርታቸው የተጠቀሙባቸውን ከነአባሪዎቻቸው፣ ከነጋዴዎቹ ስም ጋር። እሱን ማንም አይቃወምም። የቀረውን ምክንያቱን ገልጾ ለሚጠይቅ ተመራማሪና ጋዜጠኛ በስምምነት ማሳየት ይቻል ነበር። "የግል" ተብለው የተሰየሙት ፎልደሮች ላይ ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍ መውጣት አልነበረባቸውም፤ ባለቤቶቹ ስያሜውን ሲሰጡ መልሱን ሰጥተው ነበርና። ከኩባንያው ውጭ ያሉ አድራሻዎችን በኮድ መተካት ደግሞ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው፤ የኩባንያው አድራሻ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስለሆነ የቀረው ሁሉ የውጭ ሰው መሆኑ ይታወቃል።

ለሳጥኖቹ ባለቤቶች አስቀድሞ ማሳወቅና ጊዜ መስጠትም ነበር። 150 ሰው ብዙ አይደለም። ለ150 ሰው ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ለ36,692 ግን ከወጣ በኋላ መጻፍ አይቻልም።

ዛሬ ይህንን ክምችት አውርዶ የሚሠራበት ተማሪና ባለሙያ አሁንም ብዙ ነው። ለሱ ያለኝ ምክር ተግባራዊ ነው። የቅርብ ጊዜውን እትም ይጠቀም፤ ከ2015 በፊት ያሉትን፣ ሰዎች ይነሱልን ያሏቸው መልዕክቶች ያሉባቸውን ይተው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አድራሻዎቹን፣ የስልክ ቁጥሮቹንና በአሃዝ ቅርጻቸው የሚለዩትን የመታወቂያ ቁጥሮች በኮድ የሚተካ አጭር ፕሮግራም ያስኪድ። በጽሑፉም ውስጥ ለምሳሌ ብሎ የሚያቀርበው መልዕክት ካለ የሥራ መልዕክት ይምረጥ፤ የሰውን የቤት ጉዳይ አያውጣ። አዲስ ቅጂ የሚያጋራ ከሆነ ደግሞ የሚያጋራው በኮድ የተተካውን ይሁን። ከዚያ ቅጂ የሚጀምረው ቀጣዩ ሰው ቢያንስ አድራሻ ሳይይዝ ይጀምራል።

ራሱን ወይም ዘመዱን በማህደሩ ውስጥ ያገኘ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት በር አለው። ክምችቱን የሚያስተዳድሩትን መልዕክቱን ጠቅሶ እንዲያነሱለት መጠየቅ ይችላል፤ ከዚህ በፊት አንስተው ያውቃሉ። መልዕክቱ በሌላ ገጽ ላይ ተገልብጦ በፍለጋ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጎግል ስልክ፣ የኢሜይልና የቤት አድራሻ ያለባቸውን ገጾች ከፍለጋ ውጤቱ እንዲያወጣ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው። ይህ መልዕክቱን ከገጹ አያጠፋውም። ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ግን ቶሎ እንዳያገኘው ያደርጋል፤ ለብዙ ሰው ደግሞ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ፍለጋ ነው።